በባቦጋያ ሐይቅ ለሚደረግ የሸራ ጀልባ ውድድር ጊዜያዊ የደኅንነት ደንብ እንዴት ይጻፍ?

ጠያቂ፦ የቱሉ ዲምቱ ነዋሪ

የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፣ ከአዲስ አበባ ወጣ ብለን በቱሉ ዲምቱና በገላን አካባቢ የምንኖር ጥቂት የሸራ ጀልባ ወዳጆች በመጪው ኅዳር ቢሾፍቱ በሚገኘው የባቦጋያ ሐይቅ ላይ የአንድ ቀን ውድድር ለማካሄድ እየተሰናዳን ነው። ጀልባዎቹ አንድ ወይም ሁለት ሰው የሚይዙ ትናንሾች ናቸው። ለቤታችን የሚቀርበው አቃቂ ያለው የአባ ሳሙኤል ግድብ ነበር፤ ነገር ግን ከከተማው በሚወርደው ፍሳሽ የተበከለ በመሆኑ ሰው ሊገለበጥበት የሚችልን ስፖርት እዚያ ማካሄድ አይታሰብም። ለገዳዲና ገፈርሳም የከተማው የመጠጥ ውኃ ምንጮች ናቸውና ከምርጫችን ውጭ ናቸው።

ባቦጋያ የሕዝብ ውኃ ነው። ዓሣ አጥማጆች ይሠሩበታል፣ የመዝናኛ ቦታዎች ደንበኞች ይቀዝፉበታል፣ የሚዋኝም አለ። ፈቃድ ከመጠየቃችን በፊት ለዚያ ቀን ብቻ የሚያገለግል የደኅንነት ደንብ አዘጋጅተን ማቅረብ እንፈልጋለን። ከመካከላችን ገሚሱ ሐይቁ ለግማሽ ቀን ለሌላው ተጠቃሚ ሙሉ በሙሉ ይዘጋ ይላል፤ ገሚሱ ደግሞ በር ላይ ማስታወቂያ መለጠፍ ይበቃል ባይ ነው። እንዲህ ያለ ደንብ ምን ምን መያዝ እንዳለበት የምታውቁ ብትመክሩን እናመሰግናለን።

መልስ 1፦ መልሕቅ

ሁለቱም ሐሳቦች አይበቁም። ሐይቁን መዝጋት ከሚያስፈልገው በላይ ነው፤ ማስታወቂያ ብቻውን ደግሞ በውኃው ላይ ላለ ሰው ምንም አያደርግለትም። ይህን ጉዳይ ለረጅም ጊዜ ሲሠሩበት የኖሩት አገሮች አካሄድ መካከለኛ ነው። ለምሳሌ በአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ጥበቃው ለእንዲህ ያለ ውድድር ልዩ የአካባቢ ደንብ ሲያወጣ የሚከለለውን ውኃ ከየት እስከ የት እንደሆነ በነጥብ ይለያል፣ የሚጸናበትን ቀንና ሰዓት ይጽፋል፣ በውኃው ላይ ትእዛዝ የሚሰጥ አንድ የጥበቃ አዛዥ ይሰይማል። ሌላ ጀልባ ወደ ክልሉ የሚገባው በዚህ አዛዥ ፈቃድ ነው፤ ብዙ ጊዜም በአንዱ ዙርና በሌላው መካከል በዝግታ እንዲያልፍ ይፈቀድለታል። አዘጋጁ ማመልከቻውን ቢያንስ ከ135 ቀን በፊት ማስገባት ይጠበቅበታል፤ በየዓመቱ በተመሳሳይ ሁኔታ ለሚደገም ዝግጅት 60 ቀን ሊበቃ ይችላል። ይህን ያህል ጊዜ የሚሰጠው ለቢሮ ሥራ ብቻ አይደለም፤ በዚያ ውኃ የሚተዳደሩ ሰዎች ሰምተው ተቃውሟቸውን እንዲያቀርቡም ነው። ለኅዳር ከሆነ እናንተም ከአሁኑ ብትጀምሩ መልካም ነው።

ዋናው ጉዳይ ግን ማን ለማን መንገድ ይለቃል የሚለው ነው። የሸራ ጀልባ ነጂዎች «ሞተር ያለው ለሸራ ይለቃል» የሚለውን በቃላቸው ስለሚያውቁ ቅድሚያ ሁልጊዜ የእነሱ ይመስላቸዋል። በ1972 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ የመርከቦች ግጭት መከላከያ ደንብ ግን ከዚያው አንቀጽ ላይ የሸራ ጀልባም ራሷ በማጥመድ ሥራ ላይ ላለ ጀልባ፣ ማለትም መረብ ወይም መንጠቆ ዘርግቶ እንደልቡ መዞር ለማይችል፣ እንድትለቅ ያዛል። ይህ ደንብ የተጻፈው ለባሕርና ከባሕር ጋር ለተያያዘ ውኃ ስለሆነ ባቦጋያ ላይ በቀጥታ አይገዛም፤ መርሁን ግን ወደ ራሳችሁ ደንብ ገልብጡት። ተወዳዳሪ ጀልባ መረብ ላይ ካለ ታንኳ ርቃ ትለፍ፤ በዚህ ምክንያት ጊዜ ብታጣ ካሳ አትጠይቅ። ለአጥማጁ የዕለት እንጀራው ነው፣ ለእናንተ የዕረፍት ቀን መዝናኛ።

መልስ 2፦ የሐይቅ ዳር ሰው

የምኖረው ቢሾፍቱ ነው። መልሕቅ የተባሉት ወንድሜ ስለ አጥማጆቹ ያነሡትን እደግፋለሁ፤ ሆኖም ችግሩ ታንኳው ብቻ አይደለም። መረብ ብዙውን ጊዜ አመሻሽ ላይ ይጣልና ሲነጋ ይነሣል፤ በመካከሉ ባለቤቱ አጠገቡ የለም። ከላይ የሚታየው የላስቲክ ጠርሙስ ወይም የቡሽ ቁራጭ ብቻ ነው፣ ፀሐይ ውኃው ላይ ስታንጸባርቅ እርሱም አይታይም። ከሸራ ጀልባ ሆድ ወደ ታች የሚወርደው ሳንቃ መረቡን ከያዘው ጀልባዋ ቀጥ ትላለች፣ ነፋሱ ሸራውን መግፋቱን አያቆምምና ትገለበጣለች፤ የወደቀውም ሰው እግሩ መረቡ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ውድድሩን ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት አትጀምሩ፣ በዋዜማውም ከአጥማጆቹ ጋር ቁጭ ብላችሁ የትኛው ዳርቻ ለመረብ እንደሚተው ተስማሙ። የመነሻውን መስመር ከዚያ በኋላ አስምሩ እንጂ አስቀድማችሁ አስምራችሁ ለማስፈረም አትሂዱ።

ማስታወቂያው በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይሁን። ማንበብ የማይችል ወይም ወረቀት የማይደርሰው ሰው ስላለ የድምፅ ምልክቱን በቃል አስተምሩ። በሸራ ውድድር ልማድ ሁለት የጥሩንባ ድምፅ ከምልክቱ ባንዲራ ጋር መነሻው ለሌላ ጊዜ መተላለፉን፣ ሦስት ድምፅ ደግሞ ውድድሩ መሰረዙን ያመለክታል። አጥማጆቹ ቢያንስ ሦስቱን ድምፅ ቢያውቁ ውድድሩ መቆሙን ሳይጠይቁ ይረዳሉ። ኅዳርን መምረጣችሁ ጥሩ ነው፤ በመስከረም መጨረሻ በሆራ አርሰዲ በሚከበረው ኢሬቻ ሰሞን ቢሆን ኖሮ ለመንገዱም ለጸጥታ አካላትም ሸክም ትሆኑ ነበር።

መልስ 3፦ ሞተረኛ

እኔ የምጨምረው ሌሎቹ ያላነሡትን የነፍስ አድን ጀልባ ጉዳይ ነው። ባቦጋያ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1870 ሜትር ገደማ ላይ ያለ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ሐይቅ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳር አየር በስድስት አንድ እጅ ያህል ይሳሳል። የዚህ ውጤት ሁለት ነው። በአንድ በኩል ያው የነፋስ ፍጥነት ሸራውን የሚገፋው በአነሰ ኃይል ስለሆነ ባሕር ላይ የለመደ ሰው እዚህ ይቀለዋል። በሌላ በኩል ግን የነፍስ አድን ጀልባው ሞተር የሚስበው አየር ስለሳሳ ጉልበቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ወረቀቱ ላይ 15 የፈረስ ጉልበት የሚለው እዚህ 12 ወይም 13 ቢሰጥ ነው። ሁለት ሰው ጭኖ፣ የሚያነሣውም ተጎጂ ተጨምሮበት፣ ውኃ የሞላባት ጀልባ ከኋላው ታስራ ሲጎትት ልዩነቱ በግልጽ ይታያል። ስለዚህ ከውድድሩ በፊት አንዷን ጀልባ ሆን ብላችሁ ገልብጡና ሞተር ጀልባው እስከ ዳር ጎትቶ ያውጣት። ይህን ሳያደርግ የቀረበ ሞተር በደንቡ ላይ ነፍስ አድን ተብሎ ባይመዘገብ እመርጣለሁ።

የሐይቁ ዙሪያ ገደላማ ነው። ነፋሱ ከአፋፉ ላይ እየተገለበጠ ስለሚወርድ በአንድ ጥግ ዝም ያለ ውኃ ሆኖ ሳለ በሌላው ጥግ ድንገት ጀልባ ይገለብጣል። የነፋስ ወሰን ስታስቀምጡ በአንድ ቦታ የተለካ አማካይ ሳይሆን ትልቁን ሽውታ ተመልከቱ፤ ለጀማሪዎች በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ያህል ሲደርስ ማቆም ተገቢ ይመስለኛል። ነጎድጓድ ከተሰማ ውኃ ላይ ከፍ ብሎ የሚታየው የጀልባው ምሰሶ ስለሆነ ሁሉም ይውጣ፣ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ማንም አይመለስ።

የሕይወት አድን ጃኬቱንም እዩት። 50 ኒውተን (ኒውተን ጃኬቱ ሰውን የሚያንሳፍፍበት ኃይል መለኪያ ነው) የሚለው መዋኘት ለሚችልና ረዳት አጠገቡ ላለ ሰው የተሠራ ነው፤ ራሱን የሳተን ሰው ፊቱን ወደ ላይ አያዞርለትም። መዋኘት የማይችል ተመልካች በዳኞች ጀልባ ላይ ከተሳፈረ ቢያንስ 100 ኒውተን የሆነውን ይልበስ፣ ማሰሪያውም በእግሩ መካከል ይለፍ፤ አለዚያ ውኃ ውስጥ ሲገባ ጃኬቱ ወደ ጆሮው ይወጣና ሰውየው ከሥሩ ይንሸራተታል። ይህን ቸል የሚሉ «ሁላችንም ዋናተኛ ነን» ይላሉ። በ2013 እ.ኤ.አ. በሳን ፍራንሲስኮ የባሕር ወሽመጥ የአሜሪካ ዋንጫ ለሚባለው የሸራ ጀልባ ውድድር ልምምድ ሲያደርግ ጀልባው የተገለበጠው እንግሊዛዊው አንድሩ ሲምፕሰን በ2008ቱ የቤጂንግ ኦሊምፒክ በሸራ ጀልባ የወርቅ ሜዳልያ ያገኘ ሰው ነበር፤ ከስብርባሪው ሥር ተይዞ ሕይወቱ አለፈ። ከዚያ በኋላ 37 የደኅንነት ምክረ ሐሳቦች ወጥተው የነፋሱ ወሰን ዝቅ እንዲል ተደርጓል።

የጠያቂው ምላሽ፦ የቱሉ ዲምቱ ነዋሪ

ሁላችሁንም እናመሰግናለን። ሐይቁን የመዝጋቱን ሐሳብ ትተነዋል። በምክራችሁ መሠረት ዋናውን አንቀጽ እንደሚከተለው ጽፈነዋል፤ ብታርሙልን፦

«ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት በአራቱ ብርቱካናማ ተንሳፋፊ ምልክቶች መካከል ባለው ውኃ ላይ ከተወዳዳሪዎች፣ ከዳኞችና ከነፍስ አድን ጀልባዎች በስተቀር ማንም ያለ ጥበቃ ኃላፊው ፈቃድ አይገባም። ከዳርቻው እስከ ምልክቶቹ ያለው ውኃ ለዓሣ አጥማጆች፣ ለዋናተኞችና ለቀዛፊዎች ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ ተወዳዳሪ ጀልባ ወደዚያ ከወጣች ለሁሉም ትለቃለች። ማንኛውም ተወዳዳሪ አደጋ ላይ ላለ ሰው፣ ተወዳዳሪ ይሁንም አይሁን፣ ውድድሩን አቋርጦ ይረዳል።»

መልስ 4፦ መልሕቅ

የረዳትነቱ ዐረፍተ ነገር በጣም ጥሩ ነው፤ በዓለም አቀፉ የውድድር ሕግም ከሁሉ አስቀድሞ የሚመጣው ይኸው ግዴታ ነው። ሦስት ነገር ግን ይቀራል።

የመጀመሪያው፣ ጥበቃ ኃላፊውና የውድድሩ ዋና ዳኛ አንድ ሰው አይሁኑ። ዳኛ ዙሩን መጨረስ ይፈልጋል፤ የማቆም ሥልጣን ለማሸነፍም ለማጠናቀቅም ለማይቸኩል ሰው ይሰጥ፣ ዳኛውም ሊሽረው እንደማይችል ይጻፍ።

ሁለተኛው ምልክቶቹን ይመለከታል። የሐይቁ ጥልቀት በመካከሉ 65 ሜትር ያህል ስለሆነ መልሕቁ ረጅም ገመድ ይፈልጋል፤ ረጅም ገመድ ደግሞ ሲላላ ውኃው ላይ ይንሳፈፍና በሞተሩ መዘውር ይጠመጠማል፣ ምልክቱም ከቦታው ይርቃል። ከምልክቱ ጥቂት ሜትር ዝቅ ብሎ ገመዱ ላይ ድንጋይ የሞላ ከረጢት እሰሩበት፤ የላላውን ይዞ ወደ ታች ይወርዳል።

ሦስተኛው የማብቂያው ሰዓት ነው። ውድድሩ በ6 ሰዓት ቢያልቅ አጥማጁ እስከ 8 ሰዓት የሚጠብቅበት ምክንያት የለም። «የመጨረሻዋ ጀልባ ከውኃ ወጥታ የተወዳዳሪዎች ስም በመዝገብ ከተመሳከረ በኋላ ክልከላው ወዲያው ይነሣል፤ በማናቸውም ሁኔታ ግን ከቀኑ 8 ሰዓት አያልፍም» ብላችሁ ጨምሩበት። ለመዝገቡም ሲገባና ሲወጣ ራሱ ተወዳዳሪው ይፈርም፤ ጓደኛው እንዳይፈርምለት።