አንዱ ሶኬት ላይ ያለው ቲዩብ ብቻ ይቀላል
ሰላም ወገን። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። አምና ያረጀ የጊታር አምፕ ገዛሁ። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ የተሠራ ፌንደር ዴሉክስ ሪቨርብ ነው፤ 22 ዋት፣ ባለ ሁለት 6ቪ6 ቲዩብ (ድምፁን የሚያጎሉት የመስታወት አምፖሎች)። ለአሜሪካ መብራት የተሠራ ስለሆነ የኛን 220 ቮልት ወደ 120 በሚቀንስ ትራንስፎርመር ነው የማስነሳው። ድምፁ ማር ነበር፤ ማሲንቆ ተጫዋቹ ጓደኛዬ እንኳ ቀስቱን አቁሞ ያዳምጠዋል።

ከሁለት ሳምንት በፊት ሠርግ ላይ ማጉረምረም ጀመረ። ቤት ወስጄ ጀርባውን ከፈትኩና የክፍሉን መብራት አጥፍቼ አየሁት። ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላ የቀኙ 6ቪ6 ውስጥ ያለው ግራጫ ቆርቆሮ እንደ ፍም ቀላ። ቶሎ አጠፋሁት።

ሁለቱን ቲዩቦች አቀያየርኳቸው። አሁንም የሚቀላው የቀኙ ሶኬት ላይ ያለው ነው። ስለዚህ ቲዩቡ ንጹሕ ነው። ሁለቱንም ነቅዬ የሶኬቱን 5ኛ እግር (ቲዩቡ ከልክ በላይ እንዳይሠራ የሚገታው ኔጌቲቭ ቮልት የሚገባበትን) በቴስተር ለካሁ። በግራ ኔጌቲቭ 35 ቮልት፣ በቀኝ ኔጌቲቭ 12 ብቻ። (ውስጡ ከ400 ቮልት በላይ ስላለ አንድ እጄን ኪሴ ከትቼ ነው የለካሁት። እናቴ ጸበል ይዛ ስትመጣ ግን በሩ ላይ አስቆምኳት።)

የሰፈራችን ሬዲዮ ጠጋኝ ጋሼ «ካፓሲተሩ ነው የሚያሳልፈው» ይላሉ፤ ከፊተኛው ቲዩብ ድምፁን ብቻ አሳልፎ ከፍተኛውን ቮልት ማገድ ሲገባው ቮልቱንም ወደ 5ኛው እግር ያሾልካል ማለታቸው ነው። እኔ የጠረጠርኩት ኔጌቲቩን ቮልት ወደዚያ እግር የሚያደርሰውን 220 ኪሎ ኦሙን ሬዚስተር ነው። ዕቃው ከአዲስ አበባ ስለሚመጣ በግምት መግዛት አልፈልግም። እጄ ላይ ያለው ቴስተርና መበየጃ ብቻ ነው። በእነዚህ ብቻ ጥፋቱ የካፓሲተሩ ይሁን የሬዚስተሩ እንዴት ልለይ?