በዝግታ ስተነፍስ ለምን ያዞረኛል? (የባዮፊድባክ፣ ማለትም የሰውነትን ሁኔታ በመሣሪያ እያዩ ራስን የማረጋጋት ልምምድ)

ጥያቄ፦
ለጭንቀት ይረዳል ስለተባለ በደረት የሚታሰር የልብ ምት መለኪያ ከስልኬ ጋር አገናኝቼ በደቂቃ 6 ጊዜ እተነፍሳለሁ። 3 ደቂቃ ሳይሞላ ያዞረኛል፣ የጣቶቼ ጫፍ ይደነዝዛል። ልብ ምቴ ከትንፋሼ ጋር ምን ያህል እንደሚወዛወዝ አይቶ ስልኩ የሚሰጠኝ ነጥብ (ውጤት) ዝቅ ሲል ደግሞ ይብሱን እጨነቃለሁ። ስህተቱ የመሣሪያው ነው ወይስ የአተነፋፈሴ?

መልስ 1፦
የአተነፋፈስ ነው። ቀስ ብሎ መተንፈስና አብዝቶ መተንፈስ ይምታታሉ። በየትንፋሹ ሳንባ ጢም ብሎ ከሞላ፣ በደቂቃ 6 ጊዜ ብቻ ቢሆንም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚገባው በላይ ይወጣል። እሱ በደም ውስጥ ሲያንስ የአንጎል የደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ማዞሩ ከዚህ ይመጣል። ስለዚህ ትንፋሹን ያሳንሱት እንጂ አያፍጥኑት። 4 ሰከንድ በአፍንጫ ያስገቡ፣ 6 ሰከንድ ከንፈር ሰብሰብ አድርገው ያስወጡ። ሆድን ጨምቆ የቀረችውን አየር ማውጣት አያስፈልግም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ ቀጣዩ ትንፋሽ ሳይፈልጉት ትልቅ ይሆናልና። አንድ እጅ ደረት ላይ፣ አንዱን እምብርት ላይ ያድርጉ፤ የሚነሳው የታችኛው ይሁን። ካዞረዎት አቁመው እንደ ወትሮው ይተንፍሱ።

መልስ 2፦
ልጨምር፦ 6 ለሁሉም የሚሆን ቁጥር አይደለም። ለአብዛኛው አዋቂ የሚስማማው በደቂቃ ከ4.5 እስከ 6.5 ባለው ውስጥ ነው። 6.5፣ 6፣ 5.5፣ 5 እና 4.5ን ሁለት ሁለት ደቂቃ ይሞክሩና የልብ ምት ግራፎቹን ያስተያዩ። አየር ሲያስገቡ ልብ ይፈጥናል፣ ሲያስወጡ ይዘገያል፤ ይህ ሞገድ ከሁሉም ሰፍቶና ለስልሶ የሚታይበት ፍጥነት የእርስዎ ነው።

መሣሪያውንም አይርሱት። ቀበቶው ቆዳ የሚነካበት ቦታ ከደረቀ መለኪያው ምት ይዘላል፤ በውሃ ያርጥቡት። እያወሩ የተለካ አይታመንም። አንዲት የተዛባች ምት ነጥቡን ሽቅብ ልታስፈነጥረው ትችላለች፤ ያ መሻሻል አይደለም።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። ታዲያ ነጥቡን ሳላይ ልለማመድ?

መልስ 3፦
ግማሹን ጊዜ፣ አዎ። 5 ደቂቃ ግራፉን እያዩ፣ 5 ደቂቃ ስልኩን ገልብጠው። ነጥብ ለማሳደግ መታገል ራሱ ሰውነትን ይወጥራል። ጭንቀት በሌለበት ሰዓት ይለማመዱት፤ ያልለመዱት ነገር በጭንቁ ሰዓት አይደርስልዎትም።

ትንፋሽን መከታተል ራሱ የሚያስፈራቸው ሰዎች አሉ። ለእነሱ የጣት ሙቀት ይሻላል፦ በውጥረት ጊዜ የጣት የደም ሥሮች ስለሚጠቡ እጅ ይቀዘቅዛል። ትንሽ የሙቀት ዳሳሽ በጣት ሆድ ላይ በፕላስተር ያጣብቃሉ (ከጠበቀ ደም ያግዳል)፣ ወደ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማድረስ ይለማመዳሉ። ክፍሉ ቀዝቃዛ ከሆነ ንባቡ ያሳስታል።

ያለ መሣሪያ ደግሞ አሜሪካዊው ሐኪም ኤድመንድ ጃኮብሰን ከቀመረው የጡንቻ ማላላት ያጠረው አለ። ትከሻን 5 ሰከንድ ያህል ወጠር፣ በአንዴ ልቅቅ፣ 20 ሰከንድ ልዩነቱን ማስተዋል፤ ከዚያ መንጋጋ፣ ከዚያ እጅ። እስኪያም መወጠር የለበትም።

ራስን መሳት፣ የደረት ሕመም ወይም የታወቀ የልብ ምት መዛባት ካለ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ሐኪም ይይዎት።