ደብረ ብርሃን ላይ ወጥ መሥራት ለሚጀምር ሰው የቱ ይሻላል?

እዚህ ከተማ አዲስ የተመደቡ ሁለት ልጆች ሰሞኑን ጠየቁኝ። ምግብ ቤት ሰልችቷቸዋል፣ ራሳቸው ሊሠሩ ነው፣ ግን ምን እንደሚገዙ አያውቁም። እኔም ስመጣ ከእንቁላል ጥብስ ሌላ አላውቅም ነበር። ስለዚህ ገንዘቤን ከጨረስኩበት ልጀምር።

ድስት። ደብረ ብርሃን ከፍታዋ 2,800 ሜትር ገደማ ነው። ውሃ እዚህ የሚፈላው 100 ሳይሆን 90 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው። ድስቱ ይንተከተካል፣ እህሉ ግን ንቅንቅ አይልም። መጀመሪያ ሰሞን ሽምብራ ሳልዘፈዝፍ ጥጄ ቅዳሜን ሙሉ ውሃ ስጨምር ዋልኩ። ማታ ነክሼ ባየው ቀጭ አለ። አከራዬ ክዳኑን ከፍተው አዩና «ልትዘራው ነው እንዴ?» አሉኝ።

ስለዚህ አንድ ድስት ብቻ የምትገዙ ከሆነ ፕሬዠር ኩከር ግዙ፣ እንፋሎቱን አፍኖ ቶሎ የሚያበስለውን። ክዳኑን ካላደረጋችሁበት እንደ ማንኛውም ወፍራም ድስት ወጥ ይሠራበታል። ጥራጥሬ ስትቀቅሉበት ግን ከግማሽ በላይ አትሙሉት፣ አረፋው የእንፋሎት መውጫውን ይደፍነዋል። ስትገዙ የክዳኑ ጎማ መለዋወጫ እንዳለው ጠይቁ። ስሱ አሉሚኒየም ድስት ርካሽ ነው፣ ግን ሽንኩርቱን ከሥር ያሳርራል። ሸክላ ድስት ለሽሮ የሚወዳደረው የለም፣ ከእሳት ወርዶም ይንተከተካል። ግን መሟሸት አለበት፣ ትኩስ እንዳለ ቀዝቃዛ ውሃ ከነካው ደግሞ ይሰነጠቃል። እሱን ለሁለተኛው ደመወዝ አቆዩት።

ምድጃ ላይ ብዙ አልልም። የኤሌክትሪኩ ይበቃችኋል። መብራት ሲጠፋ ላቀች የሚባለውን የከሰል ምድጃ ይዛችሁ ውጪ ወይም በረንዳ ላይ ሥሩ። የደብረ ብርሃን ብርድ ያታልላል፣ ከሰሉን ወደ ቤት አስገብቶ በር መዝጋት ያምራል። በፍጹም አታድርጉት። ጭስ ባይታይም ይገድላል። ቡታጋዝ ምቹ ነው፣ ሲያልቅ ማስሞላቱ ግን ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

ሽሮ። የታሸገው ወይስ የባልትና ቤቱ? እኔ ባልትና ቤት እላለሁ፣ ቀምሳችሁ ስለምትገዙ። ቆንጠር አድርጋችሁ ምላስ ላይ አድርጉት። ጥሬ ጥሬ ካለ አልተቆላም ማለት ነው፣ ተዉት። ነጩን ሳይሆን ምጥኑን ውሰዱ፣ በርበሬውም ቅመሙም አብሮ ስለተፈጨ ለጀማሪ ስህተት ይቀንሳል። መጀመሪያ ሩብ ኪሎ ብቻ ግዙ። እኔ አንድ ሱቅ ረከሰልኝ ብዬ ሁለት ኪሎ በርበሬ ገዝቼ፣ ጥርሴ ሥር ቅሽሽ የሚል ወጥ ስንት ጊዜ በላሁ።

አሠራሩ ቀላል ነው፣ ችኮላ ግን አይወድም። ሽንኩርቱን አድቅቃችሁ ያለ ዘይት አቁላሉት። ሲይዝ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ውሃ ስጡት። ቅርጹ ሲጠፋ ዘይት፣ ከዚያ ነጭ ሽንኩርት፣ ከዚያ ውሃ። ሽሮውን ደረቁን አትበትኑት፣ ይጓጉላል። ለብቻው በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡና እያማሰላችሁ ጨምሩት። እሳቱን ቀንሱና ዘይቱ ብቅ እስኪል ተዉት። ሌላ ቦታ ከሚፈጀው ትንሽ ይረዝማል፣ ጨው የምትቀምሱትም ያኔ ነው።

ሽሮ ከለመደላችሁ በኋላ ወደ ማሾ ሂዱ። ከታች ከሸዋሮቢት አካባቢ ይመጣል፣ እንደ ሽምብራ አያንገላታም። እንጀራ ግን አትሞክሩ፣ ቢያንስ ዘንድሮ። ሰፈር ውስጥ ጋግረው የሚሸጡ እናቶች አሉ። ጤፉ የምንጃር ነው ካሏችሁ ዋጋው ቢጨምርም አትከራከሩ።

አንድ የቀረ ነገር በሶ ነው። ደብረ ሲና አውቶብሱ ሲቆም ከቆሎው ጋር አንድ ሁለት ኪሎ ያዙ። እሳት አይፈልግም፣ በውሃና በትንሽ ጨው ትበጠብጡታላችሁ። ወጡ ባረረ ማታ እሱን ጠጥታችሁ ትተኛላችሁ። እኔ የመጀመሪያውን ወር ግማሹን እንደዚያ ነው ያሳለፍኩት።