የቼስ ኢንጂኑ (ጨዋታውን የሚያሰላው ፕሮግራም) ለነጭ 0.8 ሲሰጥ ኪንግስ ኢንዲያንን እንተወው ወይ?

የጦሳው_ፈረስ
ሰላም ለሁላችሁ፣ ከደሴ ነው። ታዳጊዎቻችን በጥቁር ኪንግስ ኢንዲያን የሚባለውን ኦፕኒንግ (የጨዋታ አጀማመር) ይጫወታሉ (ካሬው ብቻ ከተጠራ ወታደር ነው የሚሄደው)፦ ዲ4 ፈረስ ኤፍ6፣ ሲ4 ጂ6፣ ፈረስ ሲ3 ቢሾፕ ጂ7፣ ኢ4 ዲ6። ስቶክፊሽ የሚባለው ኢንጂን የነጭን ብልጫ 0.8 ገደማ አድርጎ ይገምታል። የቀድሞዎቹ የዓለም ሻምፒዮኖች ፊሸርና ካስፓሮቭ ደግሞ ሲጫወቱበት የኖሩት መከላከያ ነው። ማንን እንመን? ልጆቹ ሊቼስ በሚባለው የቼስ ድረ ገጽ፣ በራፒድ (አጠር ባለ ሰዓት በሚደረግ ጨዋታ) ደረጃቸው ከ1300 እስከ 1500 ነው።

ቦርከና
አብሽር፣ አትተዉት። ከስቶክፊሽ 15.1 (2022) ወዲህ 1.0 ማለት ኢንጂኑ ከራሱ ጋር ሲጫወት የማሸነፍ ዕድሉ 50 በመቶ ነው ማለት ነው፤ ቀሪው ባብዛኛው አቻ ይወጣል። ሊቼስ ቁጥሩን ወደ ሰው ጨዋታ በሚመነዝርበት ቀመር ግን 0.8 ለነጭ ወደ 57 በመቶ ብቻ ነው (50 እኩል ማለት ነው)፣ 0.3 ደግሞ 53። ቀመሩ የተሠራው 2300 አካባቢ ካሉ ተጫዋቾች ጨዋታ ነው። በ1400 ደረጃ አንድ የተረሳ ፈረስ ያንን ሁሉ ይገለብጠዋል።

ኢንጂኑ የሚቆጥረው ነጭ መሐል ሜዳውን መያዙን ነው። ነጭ ዲ5 ብሎ መሐሉን ሲዘጋ ጥቁር ኤፍ5፣ ኤፍ4፣ ጂ5፣ ጂ4 እያለ ወደ ንጉሡ ይገሰግሳል። ማሽን አይደነግጥም፣ ትክክለኛዋን መከላከያ ያገኛል። ሰዓት እየሄደበት ያለ ልጅ ግን አያገኛትም።

(በድሮው የኢትዮጵያ ቼስ፣ በሰንጠረዥ ቢሆን ይሄ ክርክር አይነሳም ነበር፤ የመጀመሪያው መብላት እስኪመጣ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ነው የሚያሰልፉት።)

ሐይቅ_ዳር
ወንድሜ ቦርከና፣ እስማማለሁ፤ ግን ነገሩ ልክ አለው። ስታፎርድ ጋምቢት የሚባለውን፣ ወታደር ሰጥቶ ወጥመድ የሚያጠምድ ኦፕኒንግ እዩ፦ ኢ4 ኢ5፣ ፈረስ ኤፍ3 ፈረስ ኤፍ6፣ ፈረስ ኢ5ን ይበላል፣ ፈረስ ሲ6፣ ፈረስ ሲ6ን ይበላል፣ ጥቁር በዲ ወታደር ይመልሳል። ኢንጂኑ ለነጭ 2 አካባቢ ይሰጣል። ነጭ ዲ3 ብሎ ከቢሾፕ ሲ5 በኋላ ቢሾፕ ጂ5 ካለ አለቀለት፦ ፈረስ ኢ4ን ይበላል፣ ነጭ ንግሥቲቱን ሲወስድ ቢሾፕ ኤፍ2 ላይ በልቶ ቼክ፣ ንጉሥ ኢ2፣ ቢሾፕ ጂ4 ቼክሜት። በጂ5 ፋንታ ቢሾፕ ኢ2 ካለ ግን ጥቁር ወታደሩን በነፃ ሰጠ። ወጥመዱን የሚያውቅ ሰው ፊት ይሄ ኦፕኒንግ ባዶ ነው። ኪንግስ ኢንዲያን እንዲህ አይደለም።

ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ አትዩ። የኢንጂኑን ማስተካከያ ከፍታችሁ የሚያሳያቸውን አማራጭ መስመሮች ከ1 ወደ 5 አድርጉ። አምስቱም ከተቀራረቡ ቦታው ይቅር ባይ ነው፤ አንዱ ደህና ሆኖ ቀሪዎቹ ከ1.0 በላይ ከወደቁ ልጁ ያቺን አንዷን በቃሉ መያዝ አለበት። ከዚያ ሊቼስ ላይ የመጽሐፉን ምልክት (የተጫወቱ ጨዋታዎች ማኅደር) ነክታችሁ በ1400 ደረጃ ያሉትን ጨዋታዎች ብቻ አጣሩ። ጨዋታው 100 ብቻ ከሆነ ውጤቱ እስከ 10 የመቶኛ ነጥብ ወዲህና ወዲያ ሊል ስለሚችል አትመኑት፤ ሺህ ሲያልፍ ያወራል።

የጦሳው_ፈረስ
እግዜር ይስጥልኝ። ስልኩ ሲግል የኢንጂኑ ጥልቀት (ወደፊት የሚያየው የእርምጃ ብዛት) 16 ላይ ይቆማል፣ ቁጥሩም ይዋዥቃል። ይበቃል?

ቦርከና
ኦፕኒንግ ላይ አይበቃም፤ በ16 እና በ30 መካከል 0.3 ያህል ቢለዋወጥ አይግረምህ። ኔትወርክ ካለ ሊቼስ ለታወቁ ቦታዎች ቀድሞ የተሰላውን ከሰርቨሩ ያመጣል፣ ስልኩም አይደክምም። ከሌለ አምስቱን መስመር ወደ 2 ዝቅ አድርግ፤ መስመር በበዛ ቁጥር ጥልቀት ይቀንሳል።