ያረጀ የጦር አውሮፕላን ይብረር ወይስ ይቁም?

አወያይ፦
ርዕሱን ባጭሩ ላስቀምጥ። በአሜሪካ፣ በእንግሊዝና በሌሎችም አገሮች በጎ ፈቃደኞች ያረጁ የጦር አውሮፕላኖችን ይጠግናሉ። ብዙዎቹ ጡረተኞች ናቸው፤ ደመወዝ የላቸውም። የተጠገነው አውሮፕላን የአየር ትርኢት ላይ ይበራል፤ ሕዝብ ትኬት ቆርጦ ያያል። ኖቬምበር 12 ቀን 2022 ዳላስ ላይ እንዲህ ባለ ትርኢት መሀል ቢ-17 ቦምብ ጣይና ፒ-63 ተዋጊ አየር ላይ ተጋጩ። 6 ሰው ሞተ። ክርክሩ ከዚያ ወዲህ ጋል እንዳለ ነው። እነዚህ አውሮፕላኖች መብረራቸውን ይቀጥሉ ወይስ ሙዚየም ይግቡ? ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፉ። ስድብ የለም፤ ስድብ ያየሁበትን አስተያየት አጠፋለሁ።

የሰነዱ ሰው፦
ይግቡ። ይህን የምለው በስሜት አይደለም። የአደጋ ምርመራ ሪፖርት ማንበብ እወዳለሁ፤ ሱስ ነው በሉት። የዳላሱን እንይ። የአደጋው መነሻ የሞተር ብልሽት አልነበረም፤ የተሰበረ ክንፍም አልነበረም። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ጣቱን የቀሰረው እቅዱ ላይ ነው። ተዋጊዎቹና ቦምብ ጣዮቹ በከፍታ ተለያይተው እንዲበሩ አስቀድሞ የተበጀ በቂ እቅድ አልነበረም። ማን በየት ይለፍ የሚለውን ትርኢቱን በሬዲዮ የሚመራው ሰው፣ ኤር ቦስ የሚሉት፣ እዚያው በዚያው ይወስናል። የቀረው ለአብራሪዎቹ ዓይን የተተወ ነው። ተያዩና ተሸሹ እንደማለት። በዚያ ፍጥነት፣ እየታጠፉ፣ የራስ አውሮፕላን አካል እየጋረደ!

በጎ ፈቃደኝነትን አከብራለሁ። ግን ቅንነት የበረራ እቅድ አይሆንም።

ጋሼ ቦልት፦
ልጄ፣ ያልከው ሁሉ ልክ ነው። ግን ለኔ ነው የተከራከርክልኝ። ጥፋቱ የእቅድ ከሆነ እቅዱን ማስተካከል ነው እንጂ አውሮፕላኑ ምን አደረገ?

ዕድሜዬን ከሞተር ጋር ስለጨረስኩ የማውቀውን ልናገር። የቢ-17 ሞተር ክብ ነው። 9 ሲሊንደሮች ዙሪያውን ተደርድረዋል። አውሮፕላኑ ቆሞ ሲያድር ዘይቱ ተንጠባጥቦ ወደ ታችኞቹ ሲሊንደሮች ይወርዳል። ጠዋት ላይ ዝም ብለህ ብታስነሳው ፒስተኑ ዘይቱን መጭመቅ ያቅተዋል፤ ፒስተኑን የያዘው ዘንግ ይታጠፋል። ሞተር ተሰናበተ ማለት ነው። ስለዚህ ከማስነሳትህ በፊት ፕሮፔለሩን በእጅ ታዞራለህ። አንዱ ይገፋል፣ ሌላው ቀጣዩን የፕሮፔለር ክንፍ ይቀበላል፣ እየቆጠሩ። እጅህ ላይ ድንገት ከከበደ ታቆማለህ። በጉልበት አትገፋም። የታችኛውን ካንዴላ ፈትተህ ዘይቱን ታፈሳለህ። «ከበደ» የሚባለው የቱ ነው ብትለኝ በጽሑፍ አልነግርህም። አጠገቤ ቆመህ ትገፋለህ፣ ያኔ ይገባሃል።

ሙዚየም ውስጥ የቆመ ሞተር ይህን ለማንም አያስተምርም። ይወለወላል፣ በቃ።

የታሪክ ተማሪዋ፦
ጋሼ፣ ስለ ሞተሩ ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኩት። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። እነዚህ ነገሮች የተሠሩት ሰው ለመግደል ነው። ልጆች አይስክሬም እየላሱ ሲያዩዋቸው ምን እየተማሩ ነው?

ማስረጃ ካስፈለገ የ1976ቱን አንሱ። ቴክሳስ ሃርሊንገን ውስጥ በአየር ትርኢት ላይ የሂሮሺማን ድብደባ አስመሰሉት። ቢ-29 ቦምብ ጣይ አስነሱ። አብራሪው ማን ነበር? ፖል ቲቤትስ ራሱ፣ ቦምቡን የጣለው ሰውዬ! መሬት ላይ ደግሞ የእንጉዳይ ቅርጽ ያለው ጭስ አፈነዱ። ጃፓን ተቆጣች፤ የአሜሪካ መንግሥት ይቅርታ ጠየቀ። ያን ትርኢት ያዘጋጁት ዳላስ ላይ የተጋጩት አውሮፕላኖች ባለቤት የሆነው የበጎ ፈቃደኞች ድርጅት ሰዎች ናቸው። ያኔ ኮንፌደሬት ኤር ፎርስ ይባሉ ነበር። ስማቸውን የቀየሩት በ2002 ነው። አሁን ኮሜሞሬቲቭ ኤር ፎርስ ናቸው።

ሙዚየም ቢያንስ ከአውሮፕላኑ አጠገብ ጽሑፍ ይለጥፋል። ማን ሞተ፣ ስንት ሞተ፣ ለምን የሚለውን ያስነብባል።

ፒስተን፦
ሙዚየም ያስነብባል? እሱን ተዪው እህቴ። በ1995 የአሜሪካው ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ኢኖላ ጌይን፣ ማለትም ያንኑ ሂሮሺማን የደበደበውን አውሮፕላን፣ ለሕዝብ ሊያሳይ አሰበ። የቦምቡን ጉዳት ጭምር የሚናገር ሰፊ ኤግዚቢሽን ነበር የታቀደው። የጦር አርበኞችና የምክር ቤት ሰዎች ተነሱበት። እቅዱ ተሰረዘ። የሙዚየሙ ኃላፊ ሥራውን ለቀቀ። በመጨረሻ የቀረበው የተቆራረሰ ኤግዚቢሽን ነው። የቆመ አውሮፕላንም ይዋሻል፣ የሚበርም ይዋሻል። ዋሾው ሰው ነው።

የታሪክ ተማሪዋ፦
ጥሩ መልስ ነው፤ ግን ጥያቄዬን አልመለሰም። ሙዚየም ላይ ስለተጻፈው ነገር ተጣሉ። ትርኢት ላይ የሚያጣላ ጽሑፍም የለም። ሙዚቃና የሞተር ድምፅ ብቻ።

ጋሼ ቦልት፦
ልጄ፣ የቆሰሉበትም ሽማግሌዎች አጠገቡ ቆመው ሲያለቅሱ አይተሽ ቢሆን እንዲህ አትይም ነበር። ለማንኛውም የሃርሊንገኑ ነውር ነው፤ ማንም አይከላከልለትም።

ጠያቂው፦
ይቅርታ፣ እኔ ስለ አውሮፕላን ምንም አላውቅም። አንድ ነገር ግን ግራ ገባኝ። ሲጠገን ሁሉም ዕቃ ከተቀየረ አውሮፕላኑ ያው ነው?

ፒስተን፦
ጥያቄህ ሞኝ አይደለም፤ ባለሙያዎቹም ይጨቃጨቁበታል። ሞስኪቶ የሚባል የእንግሊዝ አውሮፕላን አለ፤ አካሉና ክንፉ እንጨት ነው፣ በሙጫ የተጣበቀ። እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ሙጫው ይለቃል። በዚያን ጊዜ ሲበር የነበረው የመጨረሻው ሞስኪቶ በ1996 ትርኢት ላይ ወድቆ ሁለት ሰው ሞተ። ከዚያ ለ16 ዓመት በዓለም ላይ የሚበር ሞስኪቶ አልነበረም። በ2012 ኒውዚላንድ ውስጥ አንዱን አስነሱት። እንጨቱ ግን እንደገና የተሠራ ነው፤ የቅርጽ ማውጫው ሁሉ እንደ አዲስ ተበጅቶ።

ለኔ ያው ነው። እንዲያውም ይበልጣል። አሮጌውን እንጨት አስቀምጦ ማየትና እንዴት እንደተሠራ ማወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የሰነዱ ሰው፦
ታዲያ ኮፒውን አብርሩ፣ ዋናውን ተዉት! እኔም የምለው ይህንኑ ነው።

ዋናውን ለማብረር ሲባል የሚጠፋውን ላሳያችሁ። በ1947 አንድ ቢ-29 ግሪንላንድ ውስጥ በረዶ ላይ በግድ አረፈ። ኪ በርድ ይሉታል። ሰዎቹ ተረፉ፤ አውሮፕላኑ እዚያው ቀረ። ብርዱ ጠበቀው። ወደ 50 ዓመት ገደማ ማንም ሳይነካው ቆየ። ከዚያ ጠግነን አስነስተን እናወጣዋለን ያሉ ሰዎች ሄዱ። ብዙ ለፉ፤ ከመካከላቸው ታምሞ የሞተም አለ። በሜይ 1995 ሞተሮቹ ተነሱ፤ አውሮፕላኑ ለመነሳት መንቀሳቀስ ጀመረ። የረዳት ሞተሩ ነዳጅ አፈሰሰ፤ እሳት ተነሳ፤ ተቃጠለ። በረዶ ያልበላውን በአንድ ቀን ጨረሱት።

ጋሼ ቦልት፦
ኪ በርድ ያሳዝናል፤ አልክድም። ግን የግሪንላንድን ታሪክ ግማሹን ብቻ ነው የነገርከን። በ1942 እዚያው በረዶ ላይ ያረፈ ፒ-38 ተዋጊ አለ። በረዶው እየተከመረበት ወደ 80 ሜትር ጥልቀት ገባ። በ1992 በሙቅ ውሃ ጉድጓድ አቅልጠው ፈታትተው አወጡት። 10 ዓመት ሠሩበት። በ2002 በረረ። ዶክ የሚባለውንም ቢ-29 ተመልከት። በረሃ ውስጥ የሚሳይል ዒላማ ይሆናል ተብሎ የተጣለ አውሮፕላን ነው። ዊቺታ ከተማ ወሰዱት፤ ድሮ የተሠራበት ከተማ ነው። ከፋብሪካው የወጡ ጡረተኞች በበጎ ፈቃድ ጠግነው በ2016 አስነሱት። እነዚህ ሰዎች «ኑና ሙዚየም ለሚቆም ዕቃ ቀለም ቀቡ» ቢባሉ ያን ያህል ዓመት የሚመጡ ይመስልሃል? እኔ አልመጣም።

ነርሷ፦
ሁላችሁም ስለ አውሮፕላኑ ነው የምታወሩት። ስለ ሾራም ማን ያንሳ?

ኦገስት 22 ቀን 2015፣ ደቡብ እንግሊዝ። በ1955 የተሠራ ሆከር ሀንተር ጀት ትርኢት ላይ ሽቅብ ወጥቶ፣ ተገልብጦ ክብ ሠርቶ ሊመለስ ነበር። መርማሪዎቹ እንዳሉት ከሚገባው ፍጥነት በታች ነው የገባው፤ የደረሰበት ከፍታም አነስተኛ ነበር፣ ቢያንስ 3,500 ጫማ ሲያስፈልገው 2,700 ገደማ። መውጫ አጣ። አውራ ጎዳና ላይ ወደቀ። 11 ሰው ሞተ። አብራሪው ተረፈ፤ በ2019 ፍርድ ቤት ነፃ ነህ አለው።

የሞቱት እነማን ናቸው? አንዳንዶቹ ከመንገድ ዳር ቆመው ያዩ ነበር። ሌሎቹ ግን በመኪናና በብስክሌት ወደ ጉዳያቸው ይሄዱ ነበር። ትኬት አልቆረጡም። ጋሼ፣ እርስዎ ፕሮፔለሩን ሲገፉ አደጋውን ያውቁታል፤ አብራሪውም ያውቀዋል። ባለ ብስክሌቱስ ማን ጠየቀው? እኔ ድንገተኛ ክፍል ነው የምሠራው። ሰው በራሱ ምርጫ የሚያመጣውን ጉዳት ለመድኩት። ይሄኛውን አልለምድም።

ጋሼ ቦልት፦
እዚህ ላይ አልከራከርሽም።

ሆኖም ከዚያ በኋላ የተደረገውን ጨምሪ። የእንግሊዝ ሲቪል አቪዬሽን ያረጁ ጀቶች ከየብስ በላይ እንዲህ ዓይነት ግልብጥብጥ እንዳይሠሩ ወዲያው ከለከለ፤ ቀጥ ብለው ማለፍ ብቻ ተፈቀደ። የትርኢት ሕጉም ጠበቀ። ብዙ ትናንሽ ትርኢቶች ወጪውን አልቻሉትም፤ ቀሩ። እኔ ይህን እደግፋለሁ። ሰዎች ያሉበት ቦታ ላይ ቀጥ ብሎ ይለፍ። ድምፁ ይሰማል፣ ቅርጹ ይታያል፤ ምን ጎደለ?

ፒስተን፦
ጋሼ፣ እርስዎም እንዲህ ካሉማ… 😄

የሰነዱ ሰው፦
የነርሷን ሐሳብ ወደ ተሳፋሪ ልውሰደው። ሕዝቡ የማያውቀው ሌላ ነገር አለ። ብዙዎቹ ድርጅቶች ነዳጁን የሚሸፍኑት ሰው አሳፍረው ነው። ኦክቶበር 2 ቀን 2019 አሜሪካ ኮኔቲከት ውስጥ አንድ ቢ-17 እንዲህ ከፋይ ተሳፋሪዎችን ይዞ ተነሳ። ሞተር ደከመበት፤ ሲመለስ ወደቀ። 7 ሰው ሞተ፤ 5ቱ ተሳፋሪዎች ነበሩ። መርማሪዎቹ ጥገናው በቂ እንዳልነበር አገኙ። የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን የድርጅቱን ተሳፋሪ የመጫን ፈቃድ ነጠቀ። ስዊዘርላንድ ላይ ደግሞ በ2018 ዩንከርስ 52 የሚባል አሮጌ አውሮፕላን ተራራ ላይ ወደቀ፤ 20 ሰው አንድም አልተረፈም። እዚያ አብራሪዎቹ የቀድሞ አየር ኃይል ሰዎች ነበሩ። ልምድ ሞልቷል። ሪፖርቱ ግን በሸለቆው ውስጥ ዝቅ ብለው በድፍረት መብረራቸውን ነው ያገኘው።

አያቱ ቢ-17 ላይ ያገለገለ ሰው ትኬቱን ሲገዛ እንደ መደበኛ አየር መንገድ ነው የሚያስበው። ወረቀት ላይ ፈርሟል፤ ገብቶታል ማለት ግን አይደለም። ስለዚህ ቢያንስ ይህን ተቀበሉኝ፦ ተሳፋሪ አይጫን።

ጋሼ ቦልት፦
ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ሳሊ ቢ የምትባለዋ ቢ-17 እንግሊዝ ዳክስፎርድ ላይ ያለችው ከመንግሥት ድጎማ የላትም። በጎ ፈቃደኞችና ደጋፊዎች ናቸው የሚያቆዩዋት።

የሰነዱ ሰው፦
በደጋፊ መዋጮ የኖረች እሷ አለች ማለት ነው እንግዲህ። ይቻላል።

ፒስተን፦
ወይ አንተ! ያዝክልኝ ጋሼን።

እኔ ሁሌም የማስበው ስለ ቩልካኗ ነው። የእንግሊዝ ግዙፍ ቦምብ ጣይ፣ አራት ጀት ሞተር። ደጋፊዎች አዋጥተው፣ ከሎተሪ ፈንድም ተጨምሮ፣ በ2007 አስነሷት። በኦክቶበር 2015 ለመጨረሻ ጊዜ በረረች። ያቆማት አደጋ አልነበረም። ሞተሩንና አካሉን የሚያውቁት ኩባንያዎች የቴክኒክ ድጋፋቸውን አነሱ። ምክንያቱም ያን ቴክኖሎጂ የሚያውቁት ሰዎች እያለቁ ነበር። ጋሼ የሚሉት ነገር ይሄ ነው። ክርክሩን እኛ ሳንጨርሰው ጊዜው እየጨረሰው ነው።

የታሪክ ተማሪዋ፦
የእርሳስ ነዳጁስ? እነዚህ ፒስተን ሞተሮች ዛሬም እርሳስ ያለበት የአቪዬሽን ቤንዚን ይጠጣሉ። አሜሪካ እስከ 2030 ልታስቀረው አቅዳለች።

ጋሼ ቦልት፦
ምትኩ እየተሞከረ ነው። ከመጣ እንወስደዋለን። ጉዳዩ ይህ አይደለም።

አወያይ፦
ልዘጋው ነው። የምታጠቃልሉት ነገር ካለ በአጭሩ።

ነርሷ፦
ሰው በሌለበት ሜዳና ባሕር ላይ ይብረሩ። ከመንገድና ከቤት በላይ አይብረሩ። ሌላው አያጣላኝም።

የሰነዱ ሰው፦
አንድ ጥያቄ ለጋሼ። ላንካስተር የሚባለው ቦምብ ጣይ 7,377 ተሠርቷል። ዛሬ የሚበሩት ሁለት ናቸው። አንዱ የእንግሊዝ አየር ኃይል ጋ ነው፤ ሌላው ካናዳ ሃሚልተን የሚገኝ ሙዚየም ጋ። ነገ አንዱ ቢወድቅ የቀረውን ያበሩታል?

ጋሼ ቦልት፦
አላበረውም። ሞተሮቹን ግን በየወሩ መሬት ላይ አስነሳቸዋለሁ። መጥተህ ፕሮፔለሩን መግፋት ትችላለህ።

የሰነዱ ሰው፦
እመጣለሁ። ተሳፋሪ የሚለውን ግን አልተውኩም።