የቀን ገቢዬን ጌም ቤት እየጨረስኩ ነው

ባሕር ዳር ባጃጅ ነጂ ነኝ፤ 26 ዓመቴ ነው። ከአባይ ማዶ ሰው አድርሼ ስመለስ "አንድ ጨዋታ ብቻ" ብዬ ጌም ቤት ጎራ እላለሁ። ሳላውቀው ይመሻል። ባለፈው ሳምንት ሦስት ቀን ለባጃጁ ባለቤት ገቢ አላስገባሁም። ትራፊክ ያዘኝ ብዬ ዋሸሁት።

ስልኬ ላይ ያለውን ጌም አጠፋሁት፤ በማግስቱ መልሼ ጫንኩት። መንገድ ቀየርኩ፤ እዚያም ጌም ቤት አለ (የት የለም?)። ብሬን እናቴ ጋ አስቀመጥኩ፤ ተበድሬ ተጫወትኩ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. የጌም ሱስን በበሽታ ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶታል። ይህን ለእናቴ ስነግራት "ታዲያ ዕዳህን በሽታው ይክፈልልሃ!" አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ለባለቤቱ እውነቱን ነግሬ እየሠራሁ ዕዳዬን ልክፈል ወይስ ባጃጁን አስረክቤ መጀመሪያ ልታከም?