እየከፈለ የሚያሠለጥን የዋሽንግተን ዲሲ መንግሥት ፕሮግራም አለ ሲባል ሰማሁ፤ ለወንድሜ ከየት እንጀምር?

እህቱ ነኝ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ በዲቪ መጥቶ ዓመት ሊሞላው ነው። ዕድሜው 23 ነው። አገር ቤት በኤሌክትሪክ ሙያ ሌቭል 4 ጨርሷል፤ ሲኦሲም አልፏል። እዚህ ግን ሌሊት ፓርኪንግ ይሠራል፣ ቀን ይተኛል። በቃ፣ ኑሮው ይኸው ሆነ።

ባለፈው ቤተ ክርስቲያን አንዲት እናት "የዲሲ መንግሥት እየከፈለ ሙያ ያስተምራል፣ ሲጨርሱም ሥራ ያስገባል" አሉኝ። እውነት ነው ወይስ ወሬ? እሱ የሚኖረው ዲሲ ነው። ጆርጂያ አቬኑ አካባቢ ከሐበሻ ክፍል ተከራይቷል። ውል የለውም፤ ኪራዩን በካሽ ነው የሚከፍለው። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነኝ። እንግሊዝኛ ሲያነብ ይገባዋል፣ መናገር ላይ ግን ያፍራል።

ሌላው ደግሞ፣ ዜጋ ሳይኮን የመንግሥት ሥራ ይገኛል ወይ? አንድ ሰውዬ "ፎርሙን እኔ ልሙላልህ፣ 300 ዶላር አምጣ" ብሎታል። ምን ትላላችሁ?

ጆርጂያ አቬኑ

እህቴ፣ 300 ዶላሩን እንዳትሰጡ! ምዝገባው ነፃ ነው። ሥልጠናውም ለዲሲ ነዋሪ ነፃ ነው። ሰውዬው የሚሞላውን ፎርም ወንድምሽ ስልኩ ላይ ራሱ ይሞላዋል። ካቃተውም ቢሮ ሄዶ ያስሞላል።

ሥራ አገናኟ

አዲስ የመጡ ሰዎችን ሥራ የማስያዝ ሥራ ላይ ነኝ፤ የማውቀውን ልጻፍልሽ።

የሰማሽው እውነት ነው። ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተቀላቅለውብሻል። አንዱ ሥልጠና ነው። ለሳምንታት ወይም ለወራት ተምረህ ወረቀት ይዘህ ትወጣለህ። አንዳንዱ የኪስ ገንዘብ አለው፣ አንዳንዱ የለውም። ሲያልቅ ሥራ ፍለጋ ያግዙሃል እንጂ ሥራው ተዘጋጅቶ አይጠብቅህም። ሌላው አፕረንቲስሺፕ ነው። እሱ ከመጀመሪያው ቀን ሥራ ነው። ቀጣሪ አለህ፣ ደመወዝ አለህ፣ እየሠራህ ትማራለህ፤ ደረጃ ባለፍክ ቁጥር ደመወዙ ይጨምራል። ይህ ሥርዓት በአሜሪካ ሕግ የወጣለት በ1937 ነው። በሰዓት የሚለካው ቢያንስ 2,000 ሰዓት የሥራ ላይ ልምምድ ይጠይቃል፤ ከዚያ ጎን በዓመት 144 ሰዓት ያህል የክፍል ትምህርት እንዲኖረው ይመከራል። ወንድምሽ የቱን እንደሚፈልግ አስቀድሞ ይወስን። ሌሊት ሥራ ላይ ሆኖ የቀን ሥልጠና እጀምራለሁ ብሎ እየተኛ የተባረረ ልጅ አውቃለሁ።

በዲሲ ሁሉም ነገር የሚጀምረው ከሥራ ስምሪት መምሪያው ነው። ዶውስ ይሉታል። ዋናው ቢሮ ሚኒሶታ አቬኑ ኖርዝኢስት ላይ ነው፤ በሜትሮ ባቡር ኦሬንጅ መስመር ሚኒሶታ አቬኑ ጣቢያ ወርዶ ያገኘዋል። የአፕረንቲስሺፕ ጉዳይ የያዘው ክፍልም በዚሁ መምሪያ ሥር ነው። ከተማው ውስጥ አሜሪካን ጆብ ሴንተር የሚባሉ ቅርንጫፎች አሉት። እዚያ ይመዘገባል፣ አማካሪ ይመደብለታል፣ ካሳስ የሚባል የንባብና የሒሳብ ፈተና ይፈተናል። ፈተናውን ንቆ እንዳይሄድ። የሚገባበትን ሥልጠና የሚወስነው ውጤቱ ነው።

ለእሱ ሙያ የሚሆነው ዲሲ ኢንፍራስትራክቸር አካዳሚ ነው። በ2018 አናኮስቲያ ውስጥ የተከፈተ የከተማው ማሠልጠኛ ነው። ከኤሌክትሪክ፣ ከውሃና ከጋዝ ድርጅቶች ጋር አብሮ ይሠራል። ሶላር መግጠም፣ የመብራት መስመር ሥራ፣ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ የመሳሰሉት ይሰጡበታል። ኮርሶቹ ዙር ጠብቀው ስለሚከፈቱ፣ የትኛው ክፍት እንደሆነና የት እንደሚሰጥ ደውላችሁ ጠይቁ።

ወደ ዜግነቱ ስመጣ፣ ለፌዴራል ሥራ ከጥቂት ልዩ ሁኔታ በስተቀር ዜግነት ይጠየቃል። ከ1976 ጀምሮ በፕሬዚዳንት ትእዛዝ የሚሠራበት ነው። ፖስታ ቤት ግን ግሪን ካርድ ይበቃዋል። የዲሲ ከተማ መንግሥትም አብዛኛው ሥራ ላይ ግሪን ካርድ ያለውንም ይቀጥራል። ሰዎች "የመንግሥት ሥራ ለዜጋ ብቻ ነው" እያሉ ሳያመለክቱ ስንት ዓመት ይቀመጣሉ መሰለሽ።

አንድ ነገር ልጨምር። 23 ዓመቱ ስለሆነ ሴሌክቲቭ ሰርቪስ (ለውትድርና ጥሪ የሚያዘው የፌዴራል መዝገብ) ላይ መመዝገቡን ያረጋግጥ። ከ18 እስከ 25 ያለ ወንድ፣ ግሪን ካርድ ያለውም ቢሆን፣ መመዝገብ አለበት። ብዙ ጊዜ የኢሚግሬሽን ወረቀቱ ሲሠራ አብሮ ይመዘገባል። ቁጥሩን ድረ ገጹ ላይ አይቶ ያትመው። በፌዴራል ገንዘብ የሚሰጥ ሥልጠና ላይ ይጠይቁታል።

አቋራጭ

ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? አድራሻ ካስቸገረ የጓደኛ አድራሻ ይጠቀም። እኔ ሃያትስቪል፣ ሜሪላንድ እየኖርኩ የዲሲ አድራሻ ሰጥቼ ተምሬአለሁ። ማንም አልጠየቀኝም።

ሥራ አገናኟ

@አቋራጭ ያንተ ስላለፈ የሌላው ያልፋል ማለት አይደለም። ነዋሪ ሳይሆኑ ነኝ ብሎ መፈረም ማጭበርበር ነው። ግሪን ካርድ ላለው ሰው ደግሞ ነገ ዜግነት ሲያመለክት ተመዝዞ የሚወጣ ነገር ነው። የልጁ ጉዳይ እኮ ከዚህም ይለያል። እሱ በእውነት ዲሲ ነው የሚኖረው፤ የጎደለው ማስረጃ ነው።

@እህቱ ነኝ የዲሲ ዲኤምቪ (መንጃ ፈቃድና መታወቂያ የሚሰጠው ቢሮ) የነዋሪነት ማረጋገጫ ፎርም አለው። ቤቱን የተከራየው ወይም ባለቤቱ "እዚህ አብሮኝ ይኖራል" ብሎ ይፈርማል፤ የራሱን መታወቂያና የራሱን የአድራሻ ማስረጃ ያያይዛል። በዚያ ወንድምሽ የዲሲ መታወቂያ ያወጣል። ከዚያ የባንክ ደብዳቤውንም የደመወዝ ወረቀቱንም በዚያው አድራሻ ያዙር። አከራዩ ታክስ ፈርቶ ሊያቅማማ ይችላል፤ አይፈረድበትም። እምቢ ካለ ውል ያለበት ክፍል መፈለግ ነው። መታወቂያው የሜሪላንድ ከሆነ፣ ደጋግሜ እነግርሻለሁ፣ በሩ ላይ ነው የሚመልሱት።

የሜትሮ ሾፌር

ከዲሲ ውጪ ለምትኖሩም ላካፍል። ባቡሩንና አውቶቡሱን የሚያንቀሳቅሰው ሜትሮ የዲሲ መንግሥት አይደለም። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ተዋውለው ያቋቋሙት ነው። ስለዚህ ከሦስቱም ይቀጥራል። ለአውቶቡስ ሾፌርነት 21 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። ሥልጠናው እየተከፈለ ነው። እኔ ስገባ የከባድ መኪና ለማጅ ፈቃዱን ይዘህ ና ነው ያሉኝ፤ የቀረውን እነሱ አስተማሩኝ።

የጽሑፍ ፈተናው ላይ ሐበሻ አይወድቅም። 50 ጥያቄ ነው፣ 40 ካገኘህ አለፍክ፤ እንደ ማትሪክ ተጠንቶ ይሠራል። የሚጥለን አውቶቡሱ ሥር ሆነን የምናወራው ነው። ፈታኙ ክሊፕቦርዱን ይዞ ይቆማል። አንተ ጎማውን፣ ቀበቶውን፣ የፍሬን ቱቦውን በእጅህ እያሳየህ ምን እንደምታይ በእንግሊዝኛ ጮክ ብለህ ትናገራለህ። "አልተሰነጠቀም፣ አያፈስም፣ አልላላም" እያልክ። ከዚያ ውስጥ ገብተህ የአየር ፍሬኑን ትፈትሻለህ። ሞተር አጥፍተህ፣ ፍሬን ረግጠህ አንድ ደቂቃ ትይዛለህ። ግፊቱ ከ3 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) በላይ መውረድ የለበትም። ከዚያ ፍሬኑን ደጋግመህ ትረግጣለህ። ማስጠንቀቂያው ድምፅ ይጮኻል። ግፊቱ ወደ 20 እና 45 መሐል ሲወርድ ቢጫው የፓርኪንግ ፍሬን ቁልፍ ጧ ብሎ ይወጣል። እጅህ ይህን ሁሉ ያውቀዋል፤ አፍህ ግን ይተሳሰራል። እኔ መኪናዬ ውስጥ ብቻዬን እንደ ውዳሴ ማርያም ደግሜ ደግሜ ነው ያለፍኩት።

እንግሊዝኛ አሁን የቀልድ አይደለም። የንግድ መኪና ሾፌር እንግሊዝኛ ማንበብና መናገር አለበት የሚለው ደንብ የቆየ ነው፤ ከጁን 2025 ጀምሮ ግን መንገድ ላይ ሳይቀር እየጠየቁ ያስቆማሉ። ወርክ ፐርሚት ብቻ ላላቸው ደግሞ ፈቃድ ማውጣቱ በጣም ጠቧል። ልጁ ግሪን ካርድ ስላለው ያ አይነካውም።

ሽቦ ዘርጊ

ልጁ ኤሌክትሪሻን ከሆነ ለምን ሾፌር ታደርጉታላችሁ? ሙያ አለው እኮ!

እኔ የዩኒየን (የሠራተኛ ማኅበር) አፕረንቲስ ሆኜ ነው የተማርኩት። አሁን የከተማው ትምህርት ቤት እድሳት ላይ ነኝ። የመንግሥት ነገር እዚህ ጋ ይመጣል። በዲሲ ሕግ ከ500,000 ዶላር በላይ የሆነ የከተማ ግንባታ የወሰደ ኮንትራክተር የተመዘገበ የአፕረንቲስ ፕሮግራም ሊኖረው ግድ ነው። ፈርስት ሶርስ የሚባል ሕግም አለ። ከ300,000 ዶላር በላይ የከተማ ገንዘብ ያለበት ሥራ ላይ ከአዲስ ቅጥሩ 51 በመቶው የዲሲ ነዋሪ መሆን አለበት። ስለዚህ ኮንትራክተሩ የዲሲ መታወቂያ ያለውን ልጅ ራሱ ይፈልገዋል። ከሜሪላንድ የሚመጣ ጎበዝ እያለ የዲሲው ሲጠራ በዓይኔ አይቻለሁ።

የኤሌክትሪክ ዩኒየኑ ማሠልጠኛ ሜሪላንድ፣ ላንሃም ነው። መግቢያው የአልጀብራና የንባብ ፈተና ነው። የሌቭል 4 ልጅ ሒሳቡን ያልፈዋል። ንባቡ ላይ ሰዓት ያጥራል፣ ሰዓት ይዞ ይለማመድ። የ12ኛ ክፍልና የሌቭል 4 ትራንስክሪፕቱን አስተርጉሞ ይያዝ። የቀድሞ ልምድ አይቶ ሰዓት የሚቀንስ ፕሮግራም ስላለ ሳያፍር ይጠይቅ። ካልቀነሱለትም ይግባ። ከአገር ቤት 220 ቮልት መጥቶ በእነሱ የኤሌክትሪክ ደንብ ከዜሮ መጀመር ክብር አይቀንስም። ክረምት ላይ ጣሪያ ላይ የሽቦ ቱቦ ማጠፍ ግን ይቀዘቅዛል፤ ያንን ከአሁኑ ይወቅ።

የኮለምቢያ ፓይክ እናት

እኛ ቨርጂኒያ ያለነውስ? ሁሉም ዲሲ ዲሲ ይላል።

ሥራ አገናኟ

እትዬ፣ ለእርስዎ የአርሊንግተን ካውንቲ የሥራ ማእከል አለልዎ። ኖቫ (ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮምዩኒቲ ኮሌጅ) ደግሞ ፋስት ፎርዋርድ በሚባለው አጭር የሙያ ሥልጠና ከክፍያው ሲሶውን ብቻ ነው የሚያስከፍልዎት። እህቱም ሲልቨር ስፕሪንግ ስላለች ለራሷ የሞንትጎመሪ ካውንቲን ትይ። የራይድ ኦን አውቶቡስ ሾፌሮች የካውንቲው ሠራተኞች ናቸው፤ ያም የመንግሥት ሥራ ነው።

ጆርጂያ አቬኑ

የእንግሊዝኛውን ማንም አላነሳም። ካርሎስ ሮሳሪዮ ትምህርት ቤት ለዲሲ ነዋሪ አዋቂዎች በነፃ ያስተምራል። ሐበሻ በብዛት አለበት። የማታም የቀንም ክፍል ስላለው ከፓርኪንግ ሥራው ጋር ያስኬደዋል። አፉ እስኪፈታ ድረስ እዚያ ይግባ፣ ጎን ለጎን ይመዝገብ።

ሥራ አገናኟ

ትክክል። እንግሊዝኛው እስኪስተካከል ግን ምዝገባውን አያዘግይ። በ2004 የወጣው የዲሲ የቋንቋ ሕግ የከተማው ቢሮዎች አስተርጓሚ በነፃ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። አማርኛ ከዋናዎቹ ቋንቋዎች አንዱ ነው። መስኮቱ ላይ "አማሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊስ" ማለት ይበቃዋል፤ በስልክ ያገናኙታል። ሥልጠናው ውስጥ ግን አስተርጓሚ አብሮት አይቀመጥም።

ለዲሲ መንግሥት ሥራ ሲያመለክት ደግሞ የነዋሪነት ነጥብ ልውሰድ ወይ ይሉታል። 10 ነጥብ ይጨምርለታል። ግን ከወሰደ ለ7 ዓመት ዲሲ ነዋሪ ሆኖ መቆየት አለበት። ሚስት አግብቶ ኪራይ ወደሚረክስበት ሜሪላንድ ልግባ ቢል ሥራውን ያጣል። እያሰበ ይፈርም።

እህቱ ነኝ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጣችሁ! ሁላችሁንም። አከራዩን ትናንት አናገርኳቸው። መጀመሪያ አኮረፉ፣ በኋላ "ለመታወቂያ ብቻ ከሆነ እፈርማለሁ" አሉ። ልጁ ግን ሽቦ ዘርጊ የጻፈውን ካነበበ ወዲህ ስለ ሾፌርነት መስማት አይፈልግም። ላንሃም ማመልከቻ የሚከፈትበትን እንጠብቅ ወይስ አካዳሚው ይቅደም?

ሽቦ ዘርጊ

ሁለቱንም ባንድ ጊዜ። ማንም አይከለክለውም። አካዳሚው ቀድሞ ከጠራው ይግባ፤ የዩኒየኑ ፈተና ሲደርስ ሄዶ ይፈተናል። ዩኒየኑ ከፈተና እስከ ጥሪ ድረስ ቀጠሮው ይረዝማል፣ ፓርኪንጉን ቶሎ እንዳይለቅ። መንጃ ፈቃድና መኪናም ያስብበት። ሳይቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ይጀምራል፤ ሁልጊዜ ባቡር አጠገብ አይሆንም።

የሜትሮ ሾፌር

ሐሳቡን ከቀየረ የፍሬኑን ጥናት ማስታወሻ እልክለታለሁ 😄